መንግሥት ይከሰሳልን?

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ንጉሥ ከሌለ ሃምሳ ዓመት ቢያልፍም አባባሉ ግን ዛሬም በልባችን ውስጥ ተቀምጦ እንደሚገዛን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም።

እንጦጦ ማርያም አጠገብ የሚኖር አንድ የክፍል ጓደኛችን የዛሬ ዓመት ከመንገድ ላይ ተይዞ ስድስት ቀን ታሰረ። ዳኛ ፊት አልቀረበም፤ የተያዘበትም ምክንያት አልተነገረውም። በሰባተኛው ቀን «ሂድ» ተባለና ወጣ። እናቱ በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲማጠኑ ሰንብተው ነበርና የተሳሉትን ጥላ አስገቡ። እኛም «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብለን ቡና ጠጥተን ተመለስን። ስለቱን አንነቅፍም። የሚቆጨን ሌላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገባን ከምንለው መካከል ፍርድ ቤት መኖሩን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም።

የሕግ ተማሪዎች አይደለንም። ቢሆንም መጻሕፍቱን ገልጠን ያገኘነውን ለወንድሞቻችንና ለእህቶቻችን እናካፍላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ልመናና ክስ የተለያዩ መሆናቸውን እንወቅ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ዘውድ በደፉበት ዘመን የተበደለ ሰው «አቤት! አቤት!» ብሎ ይጮህ ነበር። ጩኸቱ ይሰማ ይሆናል፤ ሰሚው ግን የሚፈርደው ስለ ወደደ እንጂ ስለ ተገደደ አይደለም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 ንጉሠ ነገሥቱ እንደማይከሰሱ ከደነገገ በኋላ፣ በአገሪቱ የሚኖር ማንኛውም ሰው ግን መንግሥትንና መሥሪያ ቤቶቹን ከባድ ጉዳት ላደረሰ ጥፋት በፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችል ጻፈ። በተንኮል ወይም ያለ መሠረት የከሰሰ መልሶ እንደሚከሰስም አስጠነቀቀ። በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ውሻ ማሰር ማለት ይህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ዘርዘር አድርጎታል። በአንቀጽ 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ግን ተበዳዩ ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። የሥራ ጥፋት የሚባለው ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት በቅን ልቦና ያደረገው ነው። በግል ቂም የደበደበ ሹም ግን ዕዳው የራሱ ነው። ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሰውን ነጻነት ለአጭር ጊዜ እንኳ መግታት ጥፋት መሆኑን አንቀጽ 2040 ይናገራል። ክሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ካልቀረበም ፍርድ ቤቱ አካሉን ነጻ እንዲያወጣለት የመጠየቅ መብት እንዳለው በአንቀጽ 19 ደንግጓል። አቤቱታው እንዴት እንደሚቀርብ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ይዘረዝራል። ታሳሪው ራሱ ቃለ መሐላ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል። እንግዲህ ያ ሌላ ሰው እናቱ ወይም ከእኛ አንዱ ሊሆን ይችል ነበር።

ይህን ስንል መንገዱ አልጋ በአልጋ ነው ማለታችን አይደለም። ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር ሲከለክሉ፣ ቅንጅት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ላከው፤ ጉባኤውም ክልከላውን የሚያስቀር ምክንያት አላገኘሁም አለ። በአገራችን ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 83 የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነውና፣ ከሳሽ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ከዳኛው እጅ ሲወጣ ያያል።

የተሳካለትም አለ። በ1993 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። አጥፊዎቹ ቢፈረድባቸውም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ለቀቃቸው፤ ወደ ላይ የቀረበውም አቤቱታ ፍሬ አላገኘም። አገር ውስጥ የሚኬድበት በር ሁሉ ሲዘጋ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለው ድርጅት ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ልጅቱን ባለመጠበቁና ፍትሕ ባለመስጠቱ ኃላፊ ነው ብሎ 150,000 የአሜሪካን ዶላር ካሳ እንዲከፍላት ወሰነ። ተጠልፋ እስከ ውሳኔው 15 ዓመት ያህል ሄዷል። ያም ሆኖ ንጉሥ አይከሰስ የተባለባት አገር ተከሳ ተረታለች።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሰው ሲያዝ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የያዘውን ሰውና ያዩትን ምስክሮች እንጻፍ። 48 ሰዓት ሲሞላ ማመልከቻ እንያዝ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉ አባቶች ልጆች ነን፤ ስድስት ቀን ደግሞ ከጭብጦ ይበልጣል።

ጓደኛችን ይክሰስ አይክሰስ ገና አልወሰነም። ይፈራል፤ አንፈርድበትም። ከሁለቱ ዓመት ግን አንዱ አልፏል። ከወሰነ ያየነውን ለመመስከር አብረነው እንሄዳለን።