የነጠላ ጫፍና የዓይን ማዝ

ልጅ ሲያለቅስ ንፍጡንና ዓይናሩን በነጠላ ጫፍ ጠረግ ማድረግ የእናት ልማድ ነው። ውሃ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል! ነገር ግን በዚያው ጫፍ የታናሹን ፊት፥ ቀጥሎ የታላቁን፥ በመጨረሻም ጢስ ያስለቀሰውን የራሳችንን ዓይን እንጠርጋለን። የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ የሚባለው በሽታ ከዓይን ወደ ዓይን ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

የበሽታው ተሕዋስ እጅግ ረቂቅ ሲሆን በታመመው ልጅ ዓይናርና ንፍጥ ውስጥ ይገኛል፤ በጨርቅ፥ በጣትና በዝንብም ይተላለፋል። ዓይን የምትወደው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ነውና፥ መጸዳጃ ጉድጓድ የቆፈረ አባወራ የልጆቹን ዓይን ጠበቀ ማለት ነው።

ሕመሙ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ልጅ ደጋግሞ ሲያዝ ግን የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሳል፤ ጠባሳውም ከዓመታት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበውና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን ይፍቀዋል። ይህን ጊዜ ብዙዎች ወረንጦ ያነሣሉ። ፀጉሩ ቢነቀል ለጥቂት ሳምንት ያሳርፋል፤ ይሁን እንጂ ተመልሶ ይበቅላል። ዓይኑም በመፋቅ ብዛት ይነጣል፤ በዚህ የጠፋ ብርሃን ደግሞ መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሕፃናትን አቅፈው የሚውሉት እናቶች በመሆናቸው ሽፋሽፍት የሚታጠፍባቸው ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ።

በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶው 40 ያህሉ በዚህ በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል። በአማራ ክልል ቁጥሩ ከ60 በላይ ነበር።

«ውሃው ከሩቅ ይቀዳል፤ ለፊት የሚተርፍ የለም» የምትል እናት እውነት አላት። ነገር ግን ፊት ብዙ ውሃ አይፈልግም። ጣሳ በምስማር ብሱና ስንጥር ወትፉበት፤ ስንጥሩ ሲነቀል በቀጭኑ የሚወርደው ውሃ የቤቱን ልጆች ሁሉ ያዳርሳል። ሳሙና ቢኖር መልካም፥ ባይኖርም ዓይናሩ እስኪለቅ በውሃ እጠቡት። ከዚያ በነጠላ አታድርቁት፤ ነፋስ ያድርቀው።

አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በቀበሌያችሁ ሲታደል ዓይኑ ደኅና የሚመስለውም ሰው ይውሰድ፤ ሳይታወቀው ተሕዋሱን ሊይዝ ይችላልና። ሽፋሽፍቷ የታጠፈባት እናት ወረንጦውን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ቀዶ ሕክምናው የሚነካው ቆቡን ነው፤ አንዳንዶች እንደሚፈሩት ዓይን አይወጣም፤ በዚያው ቀንም ወደ ቤቷ ትመለሳለች።