የቶሮንቶ ራፕተርስ ፈታኝ ጅማሬ

በሰሜን አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ከታችኛው ዲቪዚዮን አሸንፎ የሚያድግ ቡድን የለም። ቦታው የሚገዛ ነው። የቶሮንቶ ባለሀብቶች እ.ኤ.አ. በ1993 ፈቃዱን ሲያገኙ ዋጋው 125 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ራፕተርስም በ1995 ከሌላው የካናዳ አዲስ ቡድን ከቫንኩቨር ግሪዝሊስ ጋር ውድድሩን ጀመረ።

ይህን ያህል የከፈለ ቡድን ያገኘው ግን ከድግስ የተረፈውን ነው። 27ቱ ነባር ቡድኖች እያንዳንዳቸው ስምንት ተጫዋቾቻቸውን አስቀሩ፤ አዲሶቹ ከተረፉት ውስጥ ከአንድ ቡድን ከአንድ ሰው በላይ መውሰድ አይችሉም ነበር። ቶሮንቶ በዚህ መንገድ 14 ተጫዋቾች ሰበሰበ። መጀመሪያ የመረጠው ከቺካጎ ቡልስ ጋር ሦስት ዋንጫ ያነሳውን ቢ. ጄ. አርምስትሮንግን ነበር፤ እሱ ግን አልመጣም አለና ለሌላው የሊጉ ቡድን ለጎልደን ስቴት ተሰጠ። ሁለቱ አዳዲስ ቡድኖች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወጣቶች ምርጫ፣ ማለትም በድራፍቱ፣ አንደኛውን ዕጣ እንዳያገኙም ተከልክለው ነበር። በእኔ እምነት ይህ ፍትሐዊ አልነበረም፤ በጣም ደካማው ቡድን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን ነገር ነው የከለከሉት።

ስለዚህ ሁሉም ነገር በምርጫ ብልሃት ላይ ወደቀ። ሥራ አስኪያጁ አይዛያ ቶማስ በ1995 በሰባተኛው ዕጣ ዴመን ስታውደማየርን ሲወስድ፣ ምርጫው እዚያው ቶሮንቶ ውስጥ ይካሄድ ስለነበር ደጋፊው በጩኸት ተቃወመ። የፈለጉት የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲውን ተጫዋች ኤድ ኦባነንን ነበር። አጭሩ ስታውደማየር ግን የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ራፕተርስ በመጀመሪያው ዓመት 21 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 61 ጊዜ ተሸነፈ። ከ21ዱ ድሎች አንዷ ግን እስከ ዛሬ ትወራለች። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1996፣ ማይክል ጆርዳን የሚጫወትለትና በዚያ ዓመት 10 ጊዜ ብቻ የተሸነፈው ቺካጎ ቡልስ በቶሮንቶው ስካይዶም ስታዲየም 109 ለ108 ተረታ። ስታውደማየር 30 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር።

ከዚያ የመጣው ጊዜ ክፉ ነበር። ቶማስ በ1997 ለቀቀ፣ ስታውደማየር ወደ ፖርትላንድ ተሸጋገረ፣ ቡድኑ 17 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ዓመቱን በ16 ድል ጨረሰ። ግን ባለቤትነቱ በ1998 የከተማዋ ተወዳጅ የሆኪ ቡድን የሜፕል ሊፍስ ባለቤቶች እጅ ገባ፤ በዚያው ዓመት ቪንስ ካርተር መጣ። ይህ ልጅ ሲዘል ለማየት ሆኪ ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ ቅርጫት ኳስ መከታተል ጀመረ። ራፕተርስ በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፉ በቃ። በ2001 ኒው ዮርክን አሸንፎ ከፊላደልፊያ ጋር ሰባተኛ ጨዋታ ድረስ ተናነቀና፣ የካርተር የመጨረሻ ሰከንድ ኳስ ሳትገባ ቀርታ በአንድ ነጥብ ወደቀ።

ቫንኩቨር እንዲህ ያለ ተጫዋች አላገኘም። በስድስት ዓመት ውስጥ በአንድ የውድድር ዘመን ከ23 ጨዋታ በላይ አሸንፎ አያውቅም፤ በ2001 ወደ ሜምፊስ ተዛወረ። ራፕተርስ ግን በ24ኛው የውድድር ዘመኑ፣ በ2019፣ የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ዛሬ በኤንቢኤ ያለው ብቸኛ የካናዳ ቡድን እሱ ነው።