የታሪክ ማኅበር ለሕዝብ የሚያቀርበው ጉባኤ፤ መቅደላና የምዕራብ ወሎ ደጋ እንደ ምሳሌ

በየከተማችን በየዓመቱ የታሪክ ቀን ሲከበር እናያለን። የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል፥ ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞች ድል ይታሰባል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፥ ንግግር ይደረጋል፥ ግጥም ይነበባል፥ ሕዝቡም አጨብጭቦ ወደየቤቱ ይሄዳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የአባቶችን ውለታ አለመርሳት የልጅ ግዴታ ነውና። ነገር ግን መታሰቢያ አንድ ነገር ነው፤ የታሪክ ጉባኤ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መታሰቢያ የታወቀውን ይደግማል፤ ጉባኤ ግን ገና በደንብ ያልታወቀውን ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የታሪክ ማኅበር ለሕዝብ የሚያቀርበው ጉባኤ ምን እንደ ሆነ፥ በአገራችን እንዴት እንደ ተለመደ፥ እንደ ደጎሎና እንደ መካነ ሰላም ባሉ የምዕራብ ወሎ ደጋ ከተሞችስ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነው። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የማኅበር ሥራ በአገራችን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆይ በኮሌጁ ውስጥ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቋመ። የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነበረ፤ ተማሪው ስለ ተወለደበት አገር ልማድ፥ ስለ ሠርጉና ስለ ለቅሶው፥ ስለ ሕጉና ስለ እምነቱ አዋቂዎችን ጠይቆ ይጽፋል፤ የተጻፈውም በማኅበሩ መጽሔት ታትሞ ለሌሎች ይደርሳል። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ ደግሞ መስቀሎችን፥ ሥዕሎችንና የሕዝብ መገልገያ ዕቃዎችን ይሰበስቡ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ይህ ስብስብ ለተቋሙ ሙዚየም መሠረት ሆነ። የተቋሙም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ።

ከዚህ አጭር ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። ማኅበሩ ሥራውን የጀመረው በብዙ ገንዘብ ወይም በትልቅ ሕንፃ አይደለም። የጀመረው በተማሪ ደብተር ነው። ተማሪው የአገሩን ሽማግሌ እንደ መምህር ቈጠረው፤ ከሽማግሌው የሰማውንም ሌላው እንዲመረምረው በጽሑፍ አቀረበ። የታሪክ ማኅበር ሥራ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች ላይ የቆመ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የመቅደላ ጉዳይና የሕዝብ ጉባኤ ጥቅም

የዚህ ዐይነት ሥራ ለሕዝብ ምን ጥቅም እንደሚሰጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የመቅደላ ቅርሶች ጉዳይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎች አውሮፓውያንን በማሰራቸው ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮች ይዞ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲያዝ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ አምባውን ዘረፉ። የተዘረፈው ዕቃ በሸሎን አሻግሮ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደና ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምዝ ለሙዚየሙ ብዙ ገዛ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት በዚህ መንገድ ለንደን ገቡ፤ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ይመለስልን የሚለው ጥያቄ የትናንት አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት ጽፈው አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ተመለሰላቸው፤ አብረው የጠየቁት ኵርዐተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ግን አልተመለሰም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ከጎበኙ በኋላ ከቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ ተላከ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ መለሱ። እነዚህ ሁሉ በነገሥታት መካከል የተፈጸሙ ናቸው፤ ሕዝቡ በጉዳዩ ውስጥ ድርሻ አልነበረውም።

በ1991 ዓ.ም. አፍሮሜት በሚለው ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የመቅደላ ቅርሶች አስመላሽ ማኅበር ሲቋቋም ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ፓንክረስት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ማኅበሩ ጉዳዩን ከመንግሥታት ደብዳቤ አውጥቶ በንግግርና በጋዜጣ ለሕዝብ አቀረበው። በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአዲስ አበባ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የቴዎድሮስን ፀጉር መለሰ። አሁንም ቢሆን በብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ የማይታዩ 11 ታቦታት አሉ፤ የልዑል ዓለማየሁም ዐፅም በዊንድዘር ነው። የተመለሰው ጥቂት፥ የቀረው ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የተዘረፈበትን ነገር በስሙና በቍጥሩ የሚያውቅ ሕዝብ ጥያቄው በቀላሉ አይረሳበትም።

የጎደለው ወገን

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስለ መቅደላ በአዲስ አበባ ተነግሯል፤ በለንደንም ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2010 ዓ.ም. የ150 ዓመት መታሰቢያ ትርኢት አሳይቷል። ነገር ግን መቅደላ ያለው በወሎ ደጋ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው የቴዎድሮስ መድፍ እስከ ዛሬ በአምባው ላይ አለ። የአምባው ጎረቤቶች፥ የተንታ፥ የሳይንት፥ የቦረና፥ የለጋምቦና የጃማ ሰዎች፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ የት አሉ?

ስለ ባዕድ ወረራና ስለ ቅኝ ግዛት የሚነገረው የአገራችን ታሪክ ታላላቅ ገጾች በወሎ መሬት ላይ የተፈጸሙ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሠራዊት እንዲገናኛቸው የቀጠሩት በወረኢሉ ነበር፤ ወረኢሉም የጃማ አጎራባች ነው። የዚያ ጦርነት መነሻ የሆነው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ከደሴ በስተሰሜን ባለችው በውጫሌ ነው። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቃል ኢትዮጵያ ብትፈልግ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ልትነጋገር ትችላለች ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባት። ከዚያም በኅዳር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ።

ጸሐፊው በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማር የውጫሌን ውል አንቀጽ በቃሉ አጥንቶ ነበር፤ ውጫሌ የወሎ ከተማ መሆኗን ግን ያወቀው ዘግይቶ ነው። ይህ የአንድ ተማሪ ዕድል ብቻ አይመስለኝም። ታሪኩን ከቦታው ለይቶ ማስተማር ለልጁ ታሪክ ሁልጊዜ ሌላ ስፍራ የሚሆን ነገር ያስመስልበታል። የአካባቢ ማኅበር የመጀመሪያ አገልግሎት ታሪኩን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ

ታሪክ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ ሆኖ አይመጣም። በትምህርት ቤት መቅደላ ሲነሣ የምንሰማው የሁለት ወገን ነገር ነው፤ በአንድ በኩል ጀግናው ንጉሥ፥ በሌላው በኩል ወራሪው እንግሊዝ። በወሎ ግን ሦስተኛ ወገን አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላን የያዙት በ1848 ዓ.ም. ወሎን ሲወጉ ነው። ከዚያ በኋላ አምባው ምሽግም እስር ቤትም ሆነ። ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሄዱ መንገድ የሰጧቸው የወረ ሂመኖ ገዢ ቤት የሆኑት ወይዘሮ ወርቂቱ ነበሩ። በዚህ ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው እስረኛ የነበረውን የወይዘሮዋን ልጅ አስገደሉ። እንግሊዞች ሲመጡም ወይዘሮ ወርቂቱና ተቀናቃኛቸው ወይዘሮ መስተዋት እያንዳንዳቸው የናፒየርን ወዳጅነት ፈለጉ።

ይህን በሕዝብ ፊት መናገር ይገባል ወይስ አይገባም? አንዳንዶች የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ይቀንሳል፥ ሕዝብንም ይለያያል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ እናት ልጇ ከተገደለባት በኋላ ያደረገችውን ክዳት ብቻ ብሎ ማለፍ ታሪክን አለመረዳት ነው፤ ቴዎድሮስንም በወሎ ባደረጉት ብቻ መፍረድ እንዲሁ ነው። ሁለቱም እውነት በአንድ አዳራሽ፥ በአንድ ቀን፥ ማስረጃቸው እየተጠቀሰ ሲነገር ሰሚው ራሱ ይመዝናል። ዝም ሲባል ግን ነገሩ አይጠፋም፤ ማስረጃ የማይጠየቅበት የቡና ላይ ሐሜት ሆኖ ይቀራል።

ጉባኤው እንዴት ይካሄድ

ለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ምንጩን መግለጽ ነው። ተናጋሪው ይህን ከመጽሐፍ አገኘሁት፥ ይህን ከአባቴ ሰማሁት፥ ይህ ደግሞ የራሴ ግምት ነው ብሎ ይለይ። ሽማግሌ ሲናገርም እርሱ ያየው፥ አባቱ የነገረውና አገር የሚያወራው ለየብቻ ይጻፍ። ዓመቱን ባያስታውስ በጦርነት፥ በክፉ ቀን ወይም በሹም ሽረት ይጠየቅ፤ በዚያ ምልክት ዓመቱን ማግኘት ይቻላል።

ሁለተኛው የወሎን ምንጭ ሁሉ መጠቀም ነው። በደብሮች ያሉት የብራና መጻሕፍት ብቻቸውን አይበቁም። ወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድነት የሚኖሩበት አገር ነው፤ ስለዚህ የመሻይኾች የዐረብኛና የዐጀም ጽሑፍ፥ መንዙማውም የታሪክ ምንጭ ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ሲታተም ይህ ምንጭ ምን ያህል ሀብታም እንደ ሆነ አሳይቷል። ለንደን ካሉት የብራና መጻሕፍትም ብዙዎቹ በምስል ተነሥተው በኢንተርኔት ይታያሉ። እነርሱ በአብዛኛው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡ ስለሆኑ ወሎ የእኔ ብቻ ናቸው አይልም፤ ነገር ግን ከዚህ አምባ የወጡ ናቸውና ምስላቸው በመካነ ሰላም ወይም በደጎሎ በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ቢታይ ነውር የለውም።

ሦስተኛው የተነገረውን ማስቀረት ነው። ጉባኤው ሲፈጸም ጽሑፉና ድምፁ በሁለትና በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ በዚያው ከተማ፥ አንዱ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት። በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ አይተናል፤ በ2014 ዓ.ም. ደሴ የጦርነት ስፍራ በሆነች ጊዜ ሙዚየሟ ተዘርፏል። ዘራፊ ሁሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም።

መደምደሚያ

ገንዘብ የለም ይባል ይሆናል። የትምህርት ቤት አዳራሽ፥ አንድ ደብተርና አንድ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ግን በየወረዳው አለ። የጎደለው ጊዜ ነው። በ1928 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 100 ዓመት ይጠጋል። የጠላትን ወረራ ዘመን በዐይናቸው ያዩት ሊያልቁ ነው፤ ከእነርሱ የሰሙት ልጆቻቸውም አርጅተዋል። ከለንደን የብራና መጽሐፍ ሊመለስ ይችላል፤ ሳይጻፍ የተቀበረን የሽማግሌ ቃል ግን የትኛውም ሙዚየም አይመልሰውም።

የመቅደላ አምባን ስም የያዘ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በመካነ ሰላም ግቢ አለው። የጃማ፥ የቦረናና የሳይንት ልጆችም በየኮሌጁ እንማራለን። ስለዚህ የጥንቱ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች እንዳደረጉት፥ ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ጠይቀን ብንጽፍ፥ በመስከረምም የጻፍነውን በዚህ መጽሔት አማካይነት ለመምህራኖቻችን ምርመራ ብናቀርብ፥ ለመጀመሪያው ጉባኤ የሚበቃ ሥራ ይገኛል። መምህራኖቻችንም የምናመጣውን እንዲነቅፉልንና እንዲያርሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።