ድድሽ ሲደማ ምራቅሽ ምን ይናገራል?

ጥርስሽን ስትቦርሺ የምትተፊው ውሃ ቀይ ከሆነ ጥፋቱ የብሩሹ አይደለም። ጤነኛ ድድ በለስላሳ ብሩሽ አይደማም። ለምክር ከሚመጡት እህቶች ብዙዎቹ «ደም ስላየሁ መቦረሽ ተውኩ» ይሉኛል። መተዉ ግን ሕመሙን ያብሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ለስላሳ ነጭ ነገር በጀርም የተሞላ ነው። በየቀኑ ካልተጠረገ ከምራቅ በሚያገኘው ካልሲየም እየጠነከረ ድንጋይ ይሆናል። የውሃ ማፍያ ጀበናው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ፤ በስፖንጅ ብቻ አይለቅም። የጥርስ ድንጋይም በብሩሽ አይነሳም። (ጀበናውን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ እናስለቅቀዋለን፤ ጥርስ ላይ ግን እንዳትሞክሪው፣ ጥርሱን ራሱን ይበላዋል።)

ድንጋዩ ከድድ ሥር ሲገባ ሰውነት ጀርሙን እንዲገድሉ ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል። እነዚህ ሴሎች ከሚያመርቱት መግደያ አንዱ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይባላል፤ በረኪና ወይም ክሎሮክስ የምንለው ውስጥ ያለው ያው ነገር ነው። በረኪና በልኩ ጨርቅ ያነጣል፤ በየቀኑ ሲፈስበት ግን ጨርቁን ይበሳሳዋል። ጀርሙ ካልሄደ ሰውነትም ማፍሰሱን አያቆምም፤ የራሱን ድድና ጥርስ የያዘውን አጥንት መጉዳት ይጀምራል። ሐኪሞች ይህን ጉዳት ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይሉታል። ጥርስ የሚነቃነቀውም ቀስ በቀስ አጥንቱ ሲያልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳያምም።

ምራቅ ውስጥ ይህን ቃጠሎ የሚያበርዱ ነገሮች አሉ፤ ዋናው ዩሪክ አሲድ ነው። ቃጠሎው ሲበዛ ግን አይበቁም። የሴሎቹ ቅባት እንደቆየ ዘይት ይበላሽና ማሎንዲያልዲሃይድ የሚባል ትራፊ ወደ ምራቅ ይገባል። ተመራማሪዎች ይህን ሲለኩ፣ ድዳቸው በጣም በታመመ ሰዎች ምራቅ ውስጥ ከፍ ብሎ ያገኙታል። ድንጋዩ ተነቅሎ ድዱ ሲያገግም ደግሞ ዝቅ ይላል። አንቺ ምራቅሽን ማስለካት አያስፈልግሽም። ቁም ነገሩ ቃጠሎው የሚበርደው ድንጋዩ ሲነሳ መሆኑ ነው። ከጓደኛ ተቀብለሽ የምትውጪው አሞክሲሲሊን ድንጋይ አይነቅልም።

የሕክምናው ስም በዓረብኛ አይጠፋሽም፤ ቀኑን ሙሉ የምንሰማው «ተንዚፍ» ነው። «ማዳም፣ አስናን ፊ ደም፣ ላዚም ዶክቶር አስናን» በያት። ድንጋዩ ጠለቅ ካለ ሐኪሙ በማደንዘዣ ከድድ ሥር ይፍቀዋል። ኩዌት ያለሽ እህቴ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ የሠራተኛዋን ሕክምና በአሠሪው ላይ እንደጣለ እወቂ። «ኸልዕ»፣ ማለት ይነቀል፣ ከተባልሽ በችኮላ እሺ አትበይ፤ መጀመሪያ ተንዚፍ ያድነው እንደሆነ ጠይቂ። የተነቀለ አይመለስም።

ከተንዚፍ በኋላ ቀዝቃዛ ነገር ጥርስሽን ይጠዘጥዘው ይሆናል፤ በጥርሶችሽ መካከልም ክፍተት ይታይሽ ይሆናል። «ተንዚፍ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ክፍተቱ ቀድሞ የነበረ ነው፤ ድንጋዩ ሞልቶት ነበር፣ ያበጠው ድድም ሲሟሽሽ ይገለጣል።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ያንቺ ነው። ጠዋትና ማታ፣ በተለይ ከመተኛትሽ በፊት፣ 2 ደቂቃ ያህል በለስላሳ ብሩሽ ከድዱ ጠርዝ ጀምረሽ ቦርሺ። ሥራ አድክሞሽ አንዱን መተው ካለብሽ የማታውን አትተይ። ብሩሽ ካጣሽ መፋቂያ፣ እዚህ ሚስዋክ የሚሉት፣ ጫፉ ከለሰለሰ ጥሩ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ መጉመጥመጥ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ድንጋዩን ግን አያነሳም። ሺሻና ሲጋራ ቃጠሎውን ይጨምራሉ። ስኳር ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ድዷ ቶሎ ስለሚታመም ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገረው።

ፊትሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ አፍሽን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተሽ ግን ተንዚፍ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱኝ በይ፤ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሻቸው።