ግንቡና ስሙ፦ ቅንጡ ኮንዶሚኒየም በዋሽንግተኑ ዩ ስትሪት

«ኮንዶሚኒየም» ሲባል የአዲስ አበባ ነዋሪ በቅድሚያ የሚያስበው የዕጣ ቀንን፣ የዓመታት ቁጠባንና ጥበቃን፣ ሊፍት በሌለው ደረጃ በጀሪካን የሚወጣ ውኃን ነው፤ ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው መንግሥት ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መገባደጃ ጀምሮ ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች ባስገነባቸው ቤቶች በኩል በመሆኑ የአንድ የቤት ዓይነት ስም ሆኖ ቀርቷል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ ሐበሾች «ዩ ስትሪት» በሚሉት ሰፈር ግን ይኸው ቃል የሚያመለክተው ሌላ ኑሮ ነው፤ እዚያ ኮንዶሚኒየም ብዙውን ጊዜ የጥንት የጡብ ፊቱ ሳይነካ ውስጡ እንደ አዲስ የተሠራ፣ ጣሪያው ላይ የጋራ መናፈሻ ያለው፣ መግቢያው ላይ እንግዳ ተቀባይ የተቀመጠበት፣ ባለሁለት መኝታው በአብዛኛው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሸጥ ቤት ነው። ሁለቱን ለማነጻጸር ቃሉን ከሁለቱም ሥዕል አላቅቆ ማየት ያስፈልጋል፤ ኮንዶሚኒየም በሕግ ትርጉሙ የሕንፃ ሳይሆን የባለቤትነት ዓይነት ነውና።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «አብሮ» እና «ባለቤትነት» ከሚል ፍቺ ካላቸው ሁለት ክፍሎች የተገጠመ ነው። በአሜሪካ የተስፋፋው በፖርቶ ሪኮ በኩል ነው፤ ደሴቲቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአንድ የኢትዮጵያ አዋጅ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዝርዝር ሕግ ካወጣች በኋላ፣ ኮንግረስ በ1961 ለእንዲህ ያለ ቤት የሚሰጥ የባንክ ብድር የፌዴራል መንግሥት ዋስትና እንዲያገኝ ስለፈቀደ፣ የአሜሪካ ግዛቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትለው የየራሳቸውን ሕግ ደነገጉ። ዋሽንግተን ዛሬ የምትሠራበት የኮንዶሚኒየም ሕግ መነሻው የ1976 ነው። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ተመሳሳይ ሥርዓት ዘርግታለች፤ የልደታው ባለዕጣና የዩ ስትሪቱ ባለሀብት በኪስ ቢራራቁም በሕግ ዓይን አንድ ዓይነት ንብረት የያዙ ሰዎች ናቸው።

ገዢው በስሙ የሚያስመዘግበው ከግድግዳው ቀለም ወዲህ ያለውን ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መሠረት፣ ዓምድ፣ ጣሪያ፣ ደረጃ፣ ሊፍትና ዋናው የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ «የጋራ መጠቀሚያ» ተብሎ የሁሉም ሲሆን፣ እያንዳንዱ ባለቤት በዚህ ላይ በመቶኛ የተወሰነ ድርሻ አለው፤ በየወሩ የሚያዋጣው ገንዘብም የሚሰላው በዚሁ ድርሻ ነው። የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማኅበር ነው፤ ደንብ፣ ተመራጭ ኮሚቴ፣ መዋጮና ቅጣት ያለው በመሆኑ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከእድር ጋር ቢነጻጸር አይከብድም። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ የእድር መዋጮ ያቋረጠ ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል፣ የኮንዶሚኒየሙን መዋጮ ያልከፈለ ግን ቤቱ በዕዳ ተይዞ እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል።

መዋጮው በወር ከጥቂት መቶ ዶላር ተነሥቶ በአንዳንድ ቅንጡ ሕንፃ ከሺህ ያልፋል። ከፊሉ ለጽዳት፣ ለጥበቃና ለሕንፃው የጋራ መድን ሲውል፣ ከፊሉ ነገ ለሚያረጀው ጣሪያና ሊፍት መጠባበቂያ ሆኖ ይቀመጣል፤ ለቤት ብድር የሚሰጡ ተቋማት ማኅበሩ ከዓመት በጀቱ ቢያንስ 10 በመቶውን ለመጠባበቂያ ማዋሉን ለዓመታት ሲጠይቁ የኖሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። መጠባበቂያው ካልበቃ ማኅበሩ በባለቤቶቹ ላይ «ልዩ መዋጮ» ይጥላል፤ ይህም በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ዶላር ሊሆን ስለሚችል በየስብሰባው ጠብ የሚያስነሣው እሱ ነው። በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ በሰኔ 2021 በሌሊት ተደርምሶ 98 ሰዎችን የገደለው የ1981 ኮንዶሚኒየም፣ ከመውደቁ በፊት ባለቤቶቹ በሚሊዮኖች የሚቆጠር የጥገና መዋጮ ላይ ሲከራከሩበት የቆየ ሕንፃ ነበር። የዕብነ በረድ መደርደሪያና የመስታወት መታጠቢያ ቤት ሲጎበኙ ስለ መጠባበቂያው ሒሳብ የሚጠይቁ ገዢዎች ጥቂት ናቸው፤ የቅንጦቱ ዕድሜ የሚታወቀው ግን ከዚያ ሒሳብ ነው።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ «ኮሚናል» የሚባል ቤት አለ፤ እንጀራ ይጋገርበታል፣ በግ ይታረድበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ሐዘንና ሠርግም ይስተናገድበታል። በዩ ስትሪት ሕንፃ ውስጥ ለዚህ የሚመሳሰለው ቦታ የስፖርት ክፍል፣ የጣሪያ መናፈሻ፣ አልፎ አልፎም የውሻ ማጠቢያ ነው። ሁለቱም የጋራ መጠቀሚያ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰው ቤቱ ውስጥ ሊያደርገው የማይችለውን ከጎረቤት ጋር እንዲያደርግ የታሰበ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነዋሪው ወደ ሰፈሩ ሳይወጣ የሚፈልገውን እንዲያገኝ ነው የተሠራው። ይህ ልዩነት ሕንፃው የቆመበት ሰፈር የራሱ ታሪክ ያለው ሲሆን ይበልጥ ይጎላል።

በዩ ስትሪትና በዙሪያው ባለው የሻው ሰፈር ያለው አብዛኛው የጡብ ቤት የተሠራው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት ሲሆን፣ በ1867 የተመሠረተው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤትነት ለጥቁር አሜሪካውያን ምሁራንና ነጋዴዎች መሳቢያ ሆነው። ከተማዋ በዘር በተከፈለችበት ዘመን መሀል ከተማ ያሉ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ቲያትሮች ለጥቁር ሰው ዝግ ስለነበሩ፣ ሕዝቡ የተከለከለውን ሁሉ እዚሁ ለራሱ ሠራ። በጆን ላንክፎርድ፣ በጥቁር አሜሪካዊ አርክቴክት፣ የተነደፈው የትሩ ሪፎርመር ሕንፃ በ1903፣ የሃዋርድ ቲያትር በ1910፣ የሊንከን ቲያትር በ1922 ተከፈቱ፤ ታዋቂው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በ13ኛው መንገድ ነው፣ ባለቅኔው ላንግስተን ሂዩዝም በ1920ዎቹ አጋማሽ በዚሁ አካባቢ ኖሯል። ከሁሉ የሚደንቀው በ13ኛውና በቲ መንገድ ጥግ በ1919 የተከፈተው የኋይትሎው ሆቴል ነው፤ ጆን ኋይትሎው ሌዊስ የተባለው ሥራ መሪ ለጥቁር መንገደኞች ያቋቋመው ሲሆን፣ የዳንስ አዳራሹ ጣሪያ ባለቀለም መስታወት ነበር።

የሰፈሩ መዳከም የጀመረው በድል ነው። ቤት ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥ የሚከለክሉ ውሎችን ፍርድ ቤት እንዳያስፈጽም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ሲወስን፣ ቀጥሎም በ1953 የዋሽንግተን ምግብ ቤቶች ለሁሉም እንዲከፈቱ ሲፈርድ፣ አቅም ያለው ነዋሪ የትም የመኖርና የትም የመብላት መብት አገኘ፣ ከሰፈሩም ቀስ በቀስ ወጣ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ሲገደል ቁጣው የፈነዳው እዚሁ በ14ኛውና በዩ መገናኛ ላይ ነው፤ የተቃጠሉት ሱቆች ባዶ ቦታ ለብዙ ዓመታት ሳይሠራበት ቆየ። የምድር ውስጥ ባቡር ቁፋሮ የቀሩትን ነጋዴዎች ካንገላታ በኋላ፣ ጣቢያው በ1991 ሲከፈት የመሬቱ ዋጋ ተለወጠ። ሐበሾች በዩ እና በ9ኛው መንገድ ምግብ ቤት መክፈት የጀመሩት በዚህ መሀል፣ ኪራዩ ገና ዝቅ ባለበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት መናኸሪያቸው የነበረው የአዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ውድ እየሆነባቸው ነበር።

ሰፈሩ በ1998 በብሔራዊ የታሪክ ስፍራዎች መዝገብ ገባ። በዋሽንግተን ሕግ በታሪካዊ ሰፈር ውስጥ ያለን ሕንፃ ለማፍረስ ወይም የውጭ መልኩን ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ዕቅዱ በከተማዋ የታሪክ ጥበቃ ቦርድ መታየት አለበት፤ ጥበቃው ግን በአብዛኛው ከመንገድ የሚታየውን ይመለከታል፣ ውስጡን ወይም በውስጡ ያለውን ኑሮ አይነካም። ከዚህ የተነሣ የሕንፃው ፊት ብቻ በብረት ደጋፊ ተይዞ ቆሞ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ተቆፍሮ በአዲስ ኮንክሪት ሲተካ ማየት የተለመደ ነው። በ1910 የወጣው የከተማዋ የሕንፃ ከፍታ ሕግ በአብዛኛው ቦታ ከ130 ጫማ፣ ማለትም ከ40 ሜትር ያህል በላይ መውጣትን ስለሚከለክል፣ ገንቢው ወደ ላይ ያጣውን ወደ ኋላና ወደ ምድር ቤት ይፈልገዋል።

የቆየውን ግንብ መያዝም የራሱ ጥበብ አለው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጡብ ለስላሳ ነው፣ የተያያዘውም እንደ ጎንደር ግንቦች በኖራ ነው፤ ኖራ እርጥበትን ስለሚያስተነፍስና ከጡቡ ይልቅ እሱ ስለሚለዝብ፣ ግንቡ በሙቀትና በብርድ ሲሰፋና ሲጠብ የሚሰነጠቀው ማያያዣው ነው፣ እሱም በቀላሉ ይታደሳል። ችኩል ጠጋኝ በኖራው ፈንታ ሲሚንቶ ከሞላበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲሚንቶው ከጡቡ ስለሚጠነክር ውኃው መውጫ አጥቶ ጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ በክረምት ሲቀዘቅዝ ይሰፋል፣ በጥቂት ዓመታትም የጡቡ ፊት እንደ ቅርፊት እየተላጠ ቀይ ዱቄቱ መስኮቱ ሥር ይጠራቀማል። ለዚህ ጥፋት የሚከፍሉት ሁሉም ባለቤቶች ናቸው፤ የውጭ ግንብ የጋራ መጠቀሚያ ነውና።

ገንቢዎች ከጡቡ ጋር የሰፈሩንም ስም ይሸጣሉ። በዩ ስትሪት ኤሊንግተን የሚባል የኪራይ አፓርታማ፣ በ14ኛው መንገድም ላንግስተን ሎፍትስ የሚባል ኮንዶሚኒየም አለ፤ «ሎፍት» የሚባለው ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ክፍሎቹ በግድግዳ ያልተከፋፈሉ ቤት ሲሆን፣ መነሻው ሰዎች መኖሪያ ያደረጓቸው አሮጌ ፋብሪካዎች ናቸው። የሙዚቀኛን ስም በበር ላይ መለጠፍ ማንንም አይጎዳም፤ ሙዚቃው ራሱ በመስኮት ሲገባ ግን ሌላ ነው። በ7ኛው መንገድና በፍሎሪዳ አቬኑ ጥግ ያለ የስልክ መሸጫ ሱቅ የዋሽንግተን ልጆች የፈጠሩትን ጎ-ጎ የሚባል ከበሮ የበዛበት ሙዚቃ ለሁለት አሥርተ ዓመታት በደጁ ሲያሰማ ኖሮ፣ በ2019 ከአንድ አዲስ ቅንጡ ሕንፃ ነዋሪ መጣ በተባለ ቅሬታ ምክንያት ዝም እንዲል ታዘዘ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሙዚቃው በቀናት ውስጥ ተመለሰ፣ የከተማዋ ምክር ቤትም በ2020 ጎ-ጎን የከተማዋ ኦፊሴላዊ ሙዚቃ አደረገው።

ከተማዋ ለነዋሪዎቹ ምንም ሕግ አላወጣችም ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1980 የወጣው ሕግ አከራይ ሕንፃውን ለሌላ ከመሸጡ በፊት ለተከራዮቹ በቅድሚያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ በዚህ በኩል ተደራጅተው ሕንፃቸውን የገዙ ተከራዮች አሉ፣ ነገር ግን በ2018 አንድ ቤተሰብ የሚኖርባቸው ቤቶች በአብዛኛው ከሕጉ ወጥተዋል። ከ2009 ወዲህም 10 ወይም ከዚያ በላይ መኖሪያ ያለው አዲስ ሕንፃ በአጠቃላይ ከመኖሪያ ወለሉ ከ8 እስከ 10 በመቶ ያህሉን ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ሰዎች በተወሰነ ዋጋ ማቅረብ አለበት። ጥቁር አሜሪካውያን በ1970 ከከተማዋ ሕዝብ 71 በመቶ የነበሩ ሲሆን፣ በ2011 ከግማሽ በታች መውረዳቸው የእነዚህን ሕጎች ወሰን ያሳያል።

ሐበሾችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ቦታ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ከፊል በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ከተባለ በኋላ፣ በ2005 በዋሽንግተን ለ9ኛው መንገድ አካባቢ ተመሳሳይ ስም ሲጠየቅ የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ፤ የወላጆቻቸው ሥራ በቅርብ በመጣ ሰው ስም ሊጠራ መሆኑ ነበር ቅሬታቸው፣ ቅሬታውም መሠረት የሌለው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ኪራዩ ባለምግብ ቤቶቹንም ይገፋ ጀመር፤ ብዙ የሐበሻ ንግድ ዛሬ ከከተማዋ ውጭ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ነው።

የኋይትሎው ሆቴል በ1977 ለመኖሪያ አይሆንም ተብሎ ተዘግቶ ነበር። ማና የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሕንፃውን አድሶ በ1992 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የኪራይ መኖሪያ አደረገው፤ ባለቀለም መስታወቱ የአዳራሽ ጣሪያም ታድሶ ተመልሷል። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ከቆሙት ቅንጡ ሕንፃዎች ከውጭ ሲታይ ብዙም አይለይም፤ የሚለየው በውስጡ ባለው ኑሮ ነው።