ተበዳይ «ታርቄያለሁ» ቢል የወንጀል ክስ ይቀራል?

የወንጀል ክስ በመሠረቱ የመንግሥት ነው። ተበዳይ ጉዳዩን በራሱ ፈቃድ ማስቆም የሚችለው ሕጉ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጣቸው ወንጀሎች ነው። ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት (የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 556/1) ከእነዚህ ይመደባሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች በመኪና ማቆሚያ ተጣልተው አንዱ ሌላውን በቡጢ መትቶ ቀላል ጉዳት ቢያደርስ፣ ሽማግሌ ገብቶ ዕርቅ ሲወርድ ተበዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አቤቱታውን ማንሳት ይችላል። ድብደባው የተፈጸመው ሰው ሊገድል በሚችል መሣሪያ ከሆነ ወይም የተመታው ደካማ ወይም በሽተኛ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ተበዳዩ ይቅር ቢልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን መቀጠል ይችላል። መንገድ ላይ ስልክ የነጠቀ ሰውም ስልኩን በመመለሱ ብቻ ከክስ አያመልጥም። አስገድዶ መድፈርም በሽምግልና አይዘጋም፤ መዘጋትም የለበትም፤ ቤተሰብ «ስማችን ይጠፋል» ብሎ የሚያስታርቀው ብዙ ጊዜ ተጎጂዋን ዝም በማሰኘት ነውና።

በእነዚህ ከባድ ጉዳዮች ክስ የሚያነሳው ዐቃቤ ሕግ እንጂ ተበዳዩ አይደለም። ዕርቁ ግን ከንቱ አይሆንም፦ ጥፋተኛው ከልብ ተጸጽቶ ጉዳቱን ከካሰ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ያደርግለታል። የታረቀ ተበዳይም ለምስክርነት ሲጠራ መቅረብ፣ ቀርቦም እውነቱን መናገር አለበት፤ ለዕርቁ ሲል ቃሉን በሐሰት ቢለውጥ ራሱ በሐሰተኛ ምስክርነት ሊከሰስ ይችላል።