በጆሮ የሚነበብ ማውጫ

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ሆሳዕና የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች። የክልሉ ቢሮዎች ግን በአንድ ከተማ አልተሰበሰቡም፤ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለዋል። ስለዚህ ከሾኔ ወይም ከሺንሺቾ ጉዳይ ይዞ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የሚፈልገው ቢሮ የት ከተማ እንዳለ ነው። ሳያጣራ ከተሳፈረ ገንዘቡም ቀኑም ባከነ። ባለጉዳዩ ዓይነ ስውር ከሆነና የሚሄደው ከመሪ ጋር ከሆነ ደግሞ የሁለት ሰው ታሪፍ ነው የሚከፍለው። ከቤት ሳይወጣ መልሱን ሊያገኝ የሚችለው ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ነው፤ በድረ ገጹም ላይ ወደ መልሱ የሚያደርሰው ከአናቱ የተደረደረው ማውጫ፣ በተለምዶ ሜኑ የምንለው ነው።

ዓይነ ስውራን ስልክና ኮምፒውተር የሚጠቀሙት በስክሪን ሪደር ነው። ይህ ሶፍትዌር በገጹ ላይ ያለውን እየተከተለ በድምፅ ያነባል። በአግባቡ የተሠራ ማውጫ ላይ ሲደርስ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ «መቃኛ፣ ባለ አምስት ዝርዝር፣ ሊንክ፣ ዋና ገጽ»። ሰሚው በዚህች አጭር ንግግር ማውጫው ላይ መድረሱን፣ ምርጫዎቹ አምስት መሆናቸውን፣ የመጀመሪያው ወዴት እንደሚወስደው ያውቃል። ማየት የሚችል ሰው በአንድ እይታ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። በዘፈቀደ የተሠራው ማውጫ ላይ ሲደርስ ግን ስክሪን ሪደሩ ወይ አንዳች ሳይናገር ያልፋል፣ ወይ ትርጉም የሌለው የፋይል ስም ይቆጥራል። ሁለቱ ማውጫዎች ለዓይን አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያዩት ከሥር በተጻፈው ኮድ ነው፤ ነገሩን ማስረዳት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ማውጫ ከጌጡ ሲራቆት የሊንኮች ዝርዝር ነው። የዌብ ፈልሳፊ ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ የሆነውን የኤችቲኤምኤልን የመጀመሪያ መለያዎች ሲዘረዝር ዝርዝሩም ሊንኩም በውስጡ ነበሩ፤ ዝርዝርን የሚከፍተው «ዩኤል»፣ በውስጡ እያንዳንዱን ንጥል የሚይዘው «ኤልአይ»፣ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደው «ኤ»። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ደግሞ «ናቭ» የተባለ ማቀፊያ ጨመረ፤ ሥራው «ይህ የገጹ መቃኛ ነው» ብሎ ለብራውዘሩ መንገር ነው። መሠረቱ ይኸው ነው። «ናቭ» ውስጥ «ዩኤል»፣ «ዩኤል» ውስጥ «ኤልአይ»፣ በእያንዳንዱ «ኤልአይ» ውስጥ አንድ «ኤ»። ይህን የጻፈ ሰው ገና ቀለም ሳይቀባ ብዙውን ሥራ ጨርሷል፤ ሊንኮቹ በታብ ቁልፍ ይደረስባቸዋል፣ በኢንተር ይከፈታሉ፣ ስክሪን ሪደሩ ቆጥሮ ይጠራቸዋል። ኔትወርክ ሲዳከምና የገጹ ማስዋቢያ ፋይል ሳይደርስ ሲቀርም ዝርዝሩ ዝርዝር ሆኖ ይታያል። የዱራሜ ወይም የዶዮገና ነዋሪ በስልክ ዳታ ገጽ ሲከፍት የዚህ ጥቅም ይገባዋል።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ይበላሻል? አንደኛው ምክንያት የኛው ታሪክ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው እያንዳንዱ አምራች ፊደሉን በራሱ መንገድ በደለደለባቸው ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የተምታታ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ስክሪን ሪደርም የሚያነበው ያንኑ የተምታታ ፊደል ነው። ገጽ ሠሪዎች መላ ሲያጡ የማውጫውን ቃላት በፎቶሾፕ ጽፈው ምስል አድርገው ለጠፏቸው። በዚያን ጊዜ አይፈረድባቸውም ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ከመጣ በኋላ ግን ምክንያቱ እየቀረ ሄዷል፤ ዛሬ በምስል የተጻፈ የአማርኛ ማውጫ መሥራት ሰበብ የለውም። ምስል አይነበብም፣ ሲያጎሉት ይደበዝዛል፣ ዳታም ይበላል።

ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። ትርጉም የሌለውን «ዲቭ» የተባለ ሣጥን ወስዶ፣ ቁልፍ አስመስሎ ቀብቶ፣ ሲነካ እንዲሠራ በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ ማዘዝ ይቻላል። በማውስ ለሚጠቀም ሰው ይሠራል። በታብ ቁልፍ ለሚሄድ ሰው ግን ያ ሣጥን የለም፤ ብራውዘሩ ሊንክ መሆኑን አያውቅምና አያቆምበትም። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ወይም ክንዱን ስላጣ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰውም እንደ ዓይነ ስውሩ ውጭ ይቀራል።

ነገሩ የሚከብደው ማውጫ በውስጡ ሌላ ማውጫ ሲይዝ ነው። የአንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ገጽ እናስብ፤ ዋና ገጽ፣ አገልግሎቶች፣ ጨረታና ማስታወቂያ፣ ስለ ከተማው፣ አድራሻ። «አገልግሎቶች» የሚለው ሲከፈት የልደት ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት፣ የይዞታ ካርታ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪክ ግሪፊትስና ዳን ዌብ ሳከርፊሽ በሚል ስም ያስተዋወቁት ዘዴ እንዲህ ያለውን ማውጫ በዝርዝር ውስጥ ዝርዝር አድርጎ፣ አብዛኛውን ሥራ በሲኤስኤስ፣ ማለትም በገጽ ማስዋቢያው ቋንቋ፣ ይከውነው ነበር። መሠረቱ ጤነኛ በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ተቀዳ። ነገር ግን ንዑስ ማውጫው የሚከፈተው ማውስ ሲያንዣብብበት ነው፤ በስልክ ላይ ማንዣበብ የሚባል ነገር የለም፤ ጣት ወይ ይነካል ወይ አይነካም። ማውስ ያለውም ቢሆን እጁ ትንሽ ከሳተ ማውጫው ይዘጋበታል።

እኔ የማምነው መፍትሔ ቁልፍ ነው። «አገልግሎቶች» ላይ «በተን» የተባለው የኤችቲኤምኤል መለያ ይቀመጥ፤ «አሪያ ኤክስፓንድድ» የተባለው ባሕርይ ደግሞ ንዑሱ ማውጫ ተዘግቶ እንደሆነ ወይም ተከፍቶ እንደሆነ ይናገር። ስክሪን ሪደሩም «አገልግሎቶች፣ ቁልፍ፣ የተዘጋ» ይላል፤ ሲጫኑት «የተከፈተ»። እዚህ ላይ ጥቂት መስመር ጃቫስክሪፕት ያስፈልጋል፤ በዚያው የኢስኬፕ ቁልፍ ሲነካ እንዲዘጋ ማድረግም ይገባል። ጃቫስክሪፕት የማይፈልግ ሠሪ «ዲቴይልስ»ንና «ሰመሪ»ን ይጠቀም፤ መክፈቱንና መዝጋቱን ብራውዘሩ ራሱ ይሠራል፤ በኢስኬፕ ግን አይዘጋም። «ሮል» በተባለው ባሕርይ ላይ «ሜኑ» ብሎ መጻፍ ግን አሳሳች ነው። ያ ስያሜ በቀስት ቁልፎች ለሚዳሰሱ የፕሮግራም ማውጫዎች የተዘጋጀ ስለሆነ ተጠቃሚው ሊንክ እየጠበቀ ሌላ ሕግ ያጋጥመዋል።

ውበቱ የሲኤስኤስ ሥራ ነው። ሆኮን ቪዩም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሐሳቡን ሲያቀርብና ከሁለት ዓመት በኋላ ደረጃው ሲጸድቅ ዓላማው የገጹ ትርጉም በአንድ በኩል፣ መልኩ በሌላ በኩል እንዲጻፍ ነበር። ዝርዝሩን በአግድም መደርደር፣ ነጥቦቹን ማጥፋት፣ ቀለም መቀባት ሁሉ ኤችቲኤምኤሉን ሳይነኩ ይቻላል። የአማርኛ ቃላት ከእንግሊዝኛው ሊረዝሙ ይችላሉና በአንድ መስመር ካልበቁ ወደ ቀጣዩ እንዲወርዱ መፍቀድ ግድ ነው፤ ለእንግሊዝኛ የተለካ ቅርጽ «የንግድ ፈቃድ እድሳት»ን ከመሐል ሊቆርጠው ይችላል። የፊደሉ መጠንም እንዲሁ። «ጨ»ና «ጬ»፣ «ሠ»ና «ሡ» የሚለዩት በጥቃቅን ሰረዝ ነውና ለአማርኛ ማውጫ ከ16 ፒክስል መውረድ የለበትም ባይ ነኝ። ዓይኑ የደከመ አንባቢ ገጹን ሲያጎላም ፊደሉ አብሮ ማደግ አለበት።

ከሲኤስኤስ ጥፋቶች ሁሉ የሚብስብኝ አንድ መስመር አለ። በታብ ስንሄድ ብራውዘሩ የደረስንበትን ሊንክ በክፈፍ ይከብበዋል። ብዙ ሠሪዎች «አያምርም» ብለው ያጠፉታል። በኪቦርድ ለሚጠቀም ሰው ያ ክፈፍ ጣቱ ማለት ነው፤ ከጠፋ የት እንዳለ አያውቅም። የማያምር ከሆነ ቀለሙን መለወጥ፣ ማወፈር ይቻላል። መዝጊያና መክፈቻ ላይ ደግሞ «ዲስፕሌይ ነን» የተባለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ ከዓይንም ከስክሪን ሪደርም እንደሚሰውር ማወቅ ይጠቅማል፤ የተዘጋ ንዑስ ማውጫን ለመደበቅ ትክክለኛ ነው፣ ለጆሮ ብቻ የታሰበን ጽሑፍ ለመደበቅ ግን ስሕተት ነው።

በቁጥር የተቀመጡ መለኪያዎችም አሉ። የዌብን ደረጃ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጥምረት የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ 2.2 የተባለው እትም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ጸድቋል። በመካከለኛው እርከኑ መሠረት በተራ ጽሑፍና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት፤ በጣት የሚነካ ነገር ስፋት ደግሞ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከ24 በ24 ፒክስል እንዳያንስ ይላል።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ደግሞ ሌላ አንድ ጉዳይ አለ። አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ሀዲይሳና ከምባቲሳ በላቲን ፊደል። አንድ ገጽ ሦስቱንም ሊይዝ ይችላል። ስክሪን ሪደር በየትኛው ድምፅ እንደሚያነብ የሚያውቀው «ላንግ» በተባለው ባሕርይ ነው፤ ለአማርኛ «ኤኤም»፣ ለሀዲይሳ «ኤችዲዋይ»፣ ለከምባቲሳ «ኬቲቢ» የሚሉ ዓለም አቀፍ መለያዎች አሏቸው። ከኢንተርኔት የወረደ ዝግጁ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ «ይህ እንግሊዝኛ ነው» የሚል ምልክት ይዞ ይመጣል። ያ ሳይታረም ከቀረ የእንግሊዝኛው ድምፅ የግዕዙን ፊደል ሊዘለው ይችላል፤ ማውጫው ሙሉ በሙሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ባዶ ይመስላል። አንዲት ቃል ማረም የሚያድነው ነገር ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ ስክሪን ሪደር አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ ሀዲይሳና ከምባቲሳ በውስጡ የሉም። ቢሆንም ምልክቱን ዛሬ ማኖር ይገባል፤ ድምፁ ሲሠራ ገጹ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ተደራሽነት የዓይነ ስውራን ብቻ ጉዳይም አይደለም። ሆሳዕና በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት። ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ነው፤ አማርኛን የሚያነቡት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። «የተቀናጀ የተገልጋይ እርካታ ማዕቀፍ» የሚል የማውጫ ንጥል ለነሱ፣ በእርግጥ ለማናችንም፣ ምንም አይናገርም። «የንግድ ፈቃድ» ይበቃል፤ በአንዱ ገጽ «ማስታወቂያ» ያልነውን በሌላው ገጽ «መረጃ» አለማለትም እንዲሁ።

ሕግም አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲያዝዝ ኢንተርኔትን በስም ይጠራል። የሕንፃ መግቢያ ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ካልተሠራ ማንም ያየዋል፤ የድረ ገጽ መግቢያ ሲጎድል የሚያውቀው ውጭ የቀረው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሠሪው ራሱ ይፈትን። ማውሱን ነቅሎ በታብ ብቻ ከገጹ አናት ይጀምር። የመጀመሪያው ሊንክ «ወደ ዋናው ይዘት ዝለል» የሚል ቢሆን መልካም ነው፤ በየገጹ ማውጫውን ደግሞ ከመስማት ያድናል። አሁን ያለበት ገጽ በማውጫው ላይ በቀለም ብቻ ሳይሆን «አሪያ ከረንት» በተባለው ባሕርይም መለየት አለበት። ከዚያ ኤንቪዲኤን ይጫን፤ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴህ፣ ለዓለም በነጻ የሰጡት ነው። የዲ ቁልፍ ወደ መቃኛው ይወስዳል፤ ኬ ከሊንክ ወደ ሊንክ። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያጠኑ ወጣቶች አሉት፤ ይህ ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃ ልምምድ ነው። የመጨረሻው ፈተና ግን በሰው ነው። በስክሪን ሪደር የሚኖር አንድ ሰው ከወንበሩ ይቀመጥ፤ «የንግድ ፈቃድ ለማደስ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ አግኝልን» ይባል። ሠሪው አጠገቡ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ሰውየው የቆመበትን ቦታ ሁሉ ይጻፍ፤ በማግስቱም ጥገናውን ከዚያ ይጀምር።